የድንጉጧ ሦስተኛ ምርመራ

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን "ድንጉጧ" ነው የምትላት። ስሙን ያወጣላት ሟቹ ባለቤቷ ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። መኪናዋ ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለች፣ ባለ ሁለት በር፣ በዕድሜ ልጃቸውን የምታስከነዳ ትንሽዬ ነገር ናት። ድንጉጧ የተባለችውም በከንቱ አይደለም። ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ ደመና የሚባል ነገር በሌለበት ቀን፣ አንድ ጭነት መኪና ከጎን ጥልቅ ሲልባት የዝናብ መጥረጊያዎቿ ብድግ ብለው ደረቁን መስታወት አንዴ ሁለቴ ይጠርጉና ይቆማሉ። ማንም አልነካቸው፣ ማንም አላዘዛቸው! ሬዲዮ ጠጋኙ ታዲያ መሪውን እንደጨበጠ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል፣ "አየሻት፣ ደነገጠች" ይል ነበር። ሚስቱም ደረቷን ይዛ፣ "እሷ ደነገጠች፤ እኔ ግን ሞቻለሁ!" ትላለች።

እውነቷን ነው። ልብስ ሰፊዋ መርፌ ጣቷ ውስጥ ቢሰካ ትንፍሽ የማትል ሴት ናት፤ መኪና ላይ ግን ፈሪ ናት፣ ያውም የለየላት ፈሪ። ሬዲዮ ጠጋኙ በፍርሃቷ ስቆባት አያውቅም። ምክርም አላበዛባትም፤ እሱ በአፉ ሳይሆን በእጁ የሚናገር ሰው ነበር። ከጎኑ ያለውን ወንበር በልኳ አስተካከለው። የተሰፉ ቀሚሶች የምትሰቅልበት መንጠቆ ከኋላ ገጠመላት። ቁመቷ አጭር ስለሆነ እግሯ እንዳይንጠለጠል፣ የሬዲዮ ሳጥን በሚሠራበት ጣውላ የእግር ማሳረፊያ ሠራላትና ምንጣፍ አለበሰው። በሩ ላይ የምትንጠለጠልበት መያዣም ጨመረላት። "መኪና ሳይሆን ሳሎን ነው የሰጠኝ" ትል ነበር ስትኩራራ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ግን ደንበኞቿ በቃላቸው የሚያውቁት አንድ ወሬ ነበራት። ልኬት ስትወስድ፣ እስፒሉን በከንፈሯ ነክሳ እንዲህ ትላለች፦ "አርባ ዓመት ሙሉ አብረን በዝናብ ስንሄድ፣ አንድ ቀን እንኳ 'መጥረጊያውን አብራ' ብዬው አላውቅም። ጠብታዋ መስታወቱ ላይ ጠብ ስትል፣ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ያበራዋል። ሳልናገር የሚገባው ሰው ነበር።" ይህን የሰማች ሴት ሁሉ ማታ ቤቷ ገብታ ባሏን በሌላ ዓይን ታየዋለች። በዚህ ወሬ ስንት ትዳር ሰላሙን እንዳጣ እግዜር ይወቀው።

ሬዲዮ ጠጋኙ ባለፈው ዓመት ድንጉጧን የዓመት ምርመራዋን አሳልፎ በሦስተኛው ወር አረፈ። ከዚያ ወዲህ መሪውን የምትይዘው ልጃቸው ናት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነገርን ሁሉ በሚሊግራም ካልለካች እንቅልፍ የማይወስዳት ዓይነት ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ከነተሰፋው ልብስ በየደንበኛው በር ታደርሳለች፤ በሌላው ቀን መኪናዋ ከቤት ንቅንቅ አትልም። ዘንድሮ የምርመራው ጊዜ ደረሰና ድንጉጧ ቀረበች። ፍሬን ደህና፣ መብራት ደህና፣ ጭስ ደህና፣ ጎማ ደህና። የዝናብ መጥረጊያ፦ አይሠራም። ወደቀች። ተጠግና ለሁለተኛ ጊዜ ቀረበች፤ አሁንም አይሠራም፣ አሁንም ወደቀች። ደንቡ ደግሞ ማባበያ የለውም፦ ሦስት ጊዜ የወደቀ አሮጌ መኪና ታርጋው ይመለሳል፣ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ አይታይም።

"እንግዲህ ተስማምተናል እማዬ" አለች ልጅ ሐሙስ ጠዋት፣ ለሦስተኛው ምርመራ ሁለት ቀን ሲቀረው። "ቅዳሜ ከወደቀች በቃ። ብረት ሰብሳቢው ይወስዳታል፣ እኔም በደህና መኪና አደርስሻለሁ።"

እናት ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "አባትሽን አንዴ ቀብሬዋለሁ" አለች። "ሁለቴ አልቀብረውም።"

ልጅ "ይሄ እኮ መኪና ነው" ልትል ዳድቷት ነበር። የእናቷን ፊት አየችና ዋጠችው። እናቷ ስታለቅስ ብታያት ይሻላት ነበር፤ እሷ ግን ጨርቁን ማገላበጥ ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ከባሏ ጋር ቤት ውስጥ ብዙ የምታወራ ሰው አልነበረችም፤ እሷ ከማሽኗ፣ እሱ ከሬዲዮኑ ጋር ተፋጥጠው ነው የሚውሉት። ጎን ለጎን የሚቀመጡት መኪና ውስጥ ነበር። ያ ወንበር ከተወሰደ ከጎኑ የነበረችበት ቦታ ከምድር ላይ ይጠፋል፤ የቸገራት ይሄ ነው፣ ሌላ አይደለም።

ያንኑ ሐሙስ ልጅቷ እናቷን ከነድንጉጧ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በር ላይ ጥላት ወደ ሥራዋ ሮጠች። ይህን ሰውዬ ሁሉም የሚያውቀው "ኮንታክት" በሚለው ቅጽል ስሙ ነው፤ ምን ቢነግሩት መልሱ "ኮንታክት ነው" ነዋ፣ የሚነካካው ነገር አልተገናኘም ለማለት። መብራቴ ጠፋ፦ ኮንታክት ነው። ጡሩምባዬ አልጮኸም፦ ኮንታክት ነው። አንድ ጎረቤቱ ሚስቴ አኮረፈችኝ ብሎ ቢያማክረው እንኳ፣ ቀና ሳይል "ኮንታክት ነው" አለው ይባላል፤ ጎረቤቱም ቤቱ ገብቶ አስቦበት "እውነቱን ነው" አለ ይባላል።

ኮንታክት ረዳት የለውም። ሰው እጁ ሥር ሲርመሰመስ ያበሽቀዋል። የደንበኛ ወንበርም የለውም፤ ማለት አንዲት አለች፣ እሷ ላይ ባትሪ ተቀምጦባታል፣ ከተቀመጠም ሰነባብቷል። ስለዚህ ደንበኛው የሚጠብቀው መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው። መጠበቅ ብቻም አይደለም፣ ይታዘዛል። ኮንታክት ጭንቅላቱን ኮፈን ሥር ቀብሮ "አብራ!" ሲል ያበራል፣ "አጥፋ!" ሲል ያጠፋል። የሃያ ዓመት አሠራሩ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አሳፍሮት አያውቅም ነበር፣ እስከ ድንጉጧ ድረስ።

በመጀመሪያው ጊዜ የመጥረጊያው ሞተር ውስጥ ያለው ግሪስ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ አገኘው። አጥቦ አዲስ ቀባ፣ ፊውዙንም ቀየረ። "እትዬ፣ አብሪው!" አለ። ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ባጭር ቁመቷ ተንጠራርታ እጇን በሹፌሩ በኩል ሰደደችና ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የመጥረጊያ ቁልፍ ጎተተች። መጥረጊያዎቹ ሽው፣ ሽው አሉ። "አጥፊው!" ቁልፉን መልሳ ወደ ወንበሯ ተደገፈች፤ ትንሽ ዘግየት ብለው ቆሙ። አለቀ ተባለ። ምርመራው ላይ ልጅቷ ቁልፉን ብትጎትት፣ ብትጎትት፣ ሬሳ! በሁለተኛው ጊዜ ማሳውን፣ ከሞተሩ ወደ መኪናው ገላ የሚሄደውን ሽቦ፣ ዝጎ አገኘውና በአዲስ አሰረው። የሙከራ አምፖሉን ሞተሩ ላይ ደቅኖ "አብሪው!" ሲል አምፖሉ ቦግ፣ መጥረጊያው ሽው። ምርመራው ጋ ስትደርስ ደግሞ ያው ሬሳ።

"እትዬ፣ እኔን ለማሰደብ ነው እንዴ የምትመላለሺው?" አላት አሁን፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

"ያሰደብከኝስ አንተ! ምርመራው ቦታ ቢጫ መስመር ላይ ገትረው ሁለቴ አዋረዱኝ።"

"እዚህ ሲሠራ በዓይንሽ አይተሻል፣ አላየሽም?"

"አይቻለሁ።"

"እንግዲያው እኔ ምን ላድርግ? መኪናሽ መሥሪያ ቤት ትጠላለች!"

"እሱንስ ማን ይወዳል" አለች ልብስ ሰፊዋ። "አንተ ግን ሥራህን ሥራ።"

ቢናደድም ሠራ። የመጥረጊያዎቹን ክንድ ፈትቶ የሚያገናኛቸውን ዘንግ በእጁ ወዘወዘ፤ አልላላም። ጎማዎቹን ዳበሰ፤ ለስላሳ ናቸው። ሽቦውን ከሞተሩ ጀምሮ በጣቱ ተከተለው፤ የተላጠ የለም። የፊውዙን ሳጥን ክዳን ሲገለብጥ ውስጡ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየ፦ "ብልሽት፦ የቀኝ መብራት ይጠፋል። ጥገና፦ ፊውዝ ተቀየረ። ሠርቷል።" የሬዲዮ ጠጋኙ እጅ ነው። የከፈተውን ነገር ሁሉ እንዲህ ሳይጽፍበት አይዘጋም ነበር፤ የአካባቢው ሬዲዮ ሁሉ ሆዱ ቢከፈት የሱ እርሳስ ይገኝበታል። ልብስ ሰፊዋ ክዳኑን ተቀብላ ጽሑፉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ እንዳይጠፋ በስሱ።

"ደህና ሰው ነበር" አለ ኮንታክት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ሳልናገር የሚገባው" አለች እሷ።

"ሰምቻለሁ፤ ሚስቴም ሰምታለች፤ ተይው።"

በመጨረሻ ራሱ ከመሪው ኋላ ገባ። ልብስ ሰፊዋ አጠገቡ ቦርሳዋን አቅፋ፣ እግሯን ማሳረፊያዋ ላይ ተክላ፣ በሆዷ "እባክሽ ድንጉጧ፣ አታሳፍሪኝ" እያለች ትለማመጣለች። ቁልፉን ጎተተ። ሽው፣ ሽው። መንገድ ይዞ ወጣ፤ በየመታጠፊያው እሷ ስትሳቀቅ፣ እሱ ሲጎትት፣ መጥረጊያው ሲሠራ፣ ዞረው ተመለሱ። ኮንታክት በደስታ ሳይሆን በንዴት መሪውን በጥፊ መታው። የሚሠራ ነገር እንዴት ተደርጎ ይጠገናል? ይህን ያህል ዓመት እንዲህ ያለ ግፍ አልደረሰበትም።

"ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ" አላት። "ቁልፉን የምጎትተው እኔ ነኝ። እዚያ ካልሠራች ካቻቢቴዬን ሰቅዬ ሽንኩርት እሸጣለሁ።"

ቅዳሜ ሦስቱም ሄዱ። የምርመራው አዳራሽ ረጅም፣ በሁለት በኩል ክፍት፣ ድምፅ የሚያስተጋባ ነው፤ መሬቱ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ቢጫ መስመር ተሰምሯል። ተቆጣጣሪው ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሰካ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ የጣላት እሱ ነበር፤ ክፉ አይደለም፣ ግን መስመሩን ከእናቱ አስበልጦ የሚወድ ይመስላል።

"ከሹፌሩ በቀር ማንም መኪና ውስጥ አይቀመጥም። እናቴ፣ ከመስመሩ ኋላ ይሁኑልኝ።"

"አውቀዋለሁ ልጄ፣ ለምጄዋለሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ልጇን ክንዷን ይዛ።

ኮንታክት ድንጉጧን ቀስ አድርጎ አስገባ። ፍሬን ተመዘነ፣ አለፈ። መብራት በራ፣ ጠፋ፣ አለፈ። ጡሩምባዋ ጮኸች፤ እንደ ልማዷ ጉንፋን የያዘው ድምፅ ነው ያላት፣ ግን አለፈች። ተቆጣጣሪው ከፊት ለፊት ሆኖ እጁን አነሳ።

"መጥረጊያ።"

ኮንታክት ቁልፉን ጎተተ። ዝም። መልሶ ጎተተ። ዝም። አዟዟረው፣ ገፋው፣ ጎተተው፤ መጥረጊያዎቹ መስታወቱ ላይ ተጋድመው ቀሩ። የሰውየው ፊት ደም ለበሰ። ልጅቷ የእናቷን እጅ ጨበጠችና "አይዞሽ እማዬ" አለች፤ አይዞሽ ስትባል ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ይብስባታል። ዓይኗ መጥረጊያዎቹ ላይ ተተክሏል፤ ተነሱ፣ ተነሱ፣ በናታችሁ ተነሱ። ተቆጣጣሪው እጁን ወደ ጆሮው፣ ወደ እስክሪብቶው ሰደደ።

በዚህ መሃል ኮንታክት በመስታወቱ ውስጥ ወደ እሷ ሲመለከት አየችው። ፊቷን አይደለም የሚያየው። ዝቅ ብሎ፣ እግሯን ነው። ምን ሆነና? እሷም ጎንበስ ብላ አየች። ቀኝ እግሯ ሲሚንቶውን ይረግጣል፣ ይለቃል፤ ይረግጣል፣ ይለቃል።

"አንዴ! አንዴ ጌታዬ፣ እንዳትጽፍ!" ኮንታክት በሩን በርግዶ ወጣና መስመሩ ጋ ደረሰ። "እትዬ፣ እግርሽ ምን ሆኗል?"

"ምን ሆነ እግሬ?"

"እየረገጠ ነው!"

"ይርገጣ! ስጨነቅ ይረግጣል። የስፌት እግር ነው፣ ምን ላድርገው?"

"መኪና ውስጥስ?"

"መኪና ውስጥማ ፍሬን እይዛለሁ" አለች፣ እንደ ትልቅ ነገር።

"የሌለ ፍሬን" አለች ልጅቷ። "ከልጅነቴ ጀምሮ የሌለ ፍሬን ነው የምትይዘው። ስትፈራም፣ ስትንጠራራም፣ ዝናብ ሲጥልም።"

ኮንታክት ተመልሶ በእሷ በኩል ያለውን በር ከፈተ፣ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ባለ ምንጣፉን የእግር ማሳረፊያ በመዳፉ ተጫነው። መጥረጊያዎቹ ብድግ! ሽው፣ ሽው። እጁን አነሳ፤ ቆሙ። ተጫነ፤ ሽው። ከኋላ ወረፋ የያዘ አንድ የታክሲ ሹፌር "ወይ ጉድ!" ሲል አዳራሹ ሁሉ ሰማው።

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ከጆሮው አውጥቶ ነበር፤ እጁ ላይ ቀረ። "ይህ ምን ማለት ነው?" አለ።

"መጥረጊያው ይሠራል ማለት ነው።"

"ለማን? ደንቡ የሚለው ሹፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ እንዲያሠራው ነው። እናቴን ሹፌር ላደርጋቸው አልችልም።"

"ወረቀቱ ላይ ጽፈሃል?"

"ገና ነኝ።"

"እንግዲያው ሳትጽፍ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ። ለእኔ ብለህ አይደለም፣ ለእሷ" አለ ኮንታክት፣ በአገጩ ወደ ልብስ ሰፊዋ እያመለከተ።

ተቆጣጣሪው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ ወረፋውን አየ፣ ቢጫውን መስመር አየ። ልብስ ሰፊዋ በዚያች ቅጽበት አሥር ዓመት አረጀች። "ጥግ አስይዛት" አለ በመጨረሻ። "ለምሳ ስንዘጋ ግን እጽፋለሁ።"

ኮንታክት እንዲያ ሲሠራ ታይቶ አያውቅም። የዳሽቦርዱን ቁልፍ ነቅሎ ከፈተው። ውስጡ ያለችው የመዳብ ምላስ ተቃጥላ ከሰል መስላለች። "ኮንታክት ነው!" ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ ውስጥ ሦስቴ አስተጋባ። "እኔም የማልረባ! እዚያ ሆኜ 'አብሪው' ስላት ተንጠራርታ ትጎትታለች፤ ስትንጠራራ እግሯን ትጥላለች፤ እኔ ቁልፉ ሠራ እላለሁ። ቁልፉ እኮ ሞቶ ቆይቷል! የሚያሠራው የእሷ እግር ነው!" የመዳቧን ምላስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አንጸባረቃት፣ ትንሽ ጎበጥ አድርጎ መለሳት፣ ከሹፌሩ ወንበር ጎተተ። ሽው። ማንም ምንም ሳይረግጥ።

ልብስ ሰፊዋ ግን መስታወቱን አላየችም። የምታየው የእግር ማሳረፊያውን ነው። "ክፈተው" አለች።

አራት ብሎን ፈትቶ ክዳኑን ከነምንጣፉ አነሳው። ውስጡ፣ በጥንቃቄ ተጠርቦ በተሠራለት ጎድጓዳ፣ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ፔዳል ተኝቷል፤ ከሱ የወጣ ቀይ ሽቦ በምንጣፉ ሥር ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ አፏን ይዛ ቀረች። ፔዳሉን ታውቀዋለች። የመጀመሪያዋ የኤሌክትሪክ ስፌት ማሽኗ ፔዳል ነው። ማሽኑ የተቃጠለ ጊዜ ተናዳ ልትጥለው ስትል፣ ባሏ "ተዪው፣ ለአንድ ነገር ይሆናል" ብሎ ከእጇ ተቀብሏት ነበር። ከዚያ በኋላ አይታው አታውቅም።

"እዚህ ጽሑፍ አለ" አለች ልጅቷ፣ ክዳኑን ገልብጣ። ልታነብ ጀመረችና አቋረጠች። ለእናቷ አቀበለቻት።

እርሳሱ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። "ብልሽት፦ ባለቤቴ መኪና ትፈራለች። ጥገና፦ ለእግሯ ሥራ ተሰጠ። ሠርቷል።"

ልብስ ሰፊዋ እዚያው የመኪናዋ በር ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልጅቷ አለቀሰች ብላ ልታቅፋት ስትጎነበስ፣ ለካ እየሳቀች ነው። ማልቀሱም አለበት፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ነው የመጡት።

"ሌባ!" አለች። "አርባ ዓመት! አርባ ዓመት ሙሉ መጥረጊያውን የማበራው እኔ ነኝ ለካ! አገር ምድሩን ሳልናገር ይገባዋል እያልኩ ሳደነቁር!"

"እማዬ..." አለች ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች። "ከፋሽ?"

"ምን ይከፋኛል?" እናት ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። "ተናግሬው ነበር? አልተናገርኩም። ገብቶት ነው እንጂ ይህን ሁሉ ማን አሠራው? ስሚኝ፣ ውሸቴን አልነበረም።" ደስ ብሏታል። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ ደስታው ራሱ ጎኗን ይወጋታል።

ኮንታክት ቀዩን ሽቦ በጣቱ ነካ አደረገ። "እትዬ፣ ቁልፉ አሁን ይሠራል። ይሄ ሽቦ አያስፈልግም፤ ልቁረጠው?"

"እጅህን ቁረጥ!"

"እሺ፣ እሺ! መጠየቄ ነው።" ወደ ተቆጣጣሪው ዞረ። "ይከለከላል?"

ተቆጣጣሪው ክዳኑን ከልብስ ሰፊዋ ተቀበለና አነበበው። ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። የአንገቱን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። "ሹፌሩ ማሠራት ከቻለ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሌላ ሰው እንዳይረዳው የሚከለክል ደንብ የለም።"

ድንጉጧ ተመልሳ መስመሩ መሃል ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ከቢጫው ኋላ ቆማ፣ ኮንታክት በመስኮት ብቅ ብሎ "እትዬ፣ እግርሽን አንሺልኝ፣ ኋላ በሷ ነው እንዳይሉን!" ሲላት፣ የልጇን ትከሻ ይዛ የምሯን ቀኝ እግሯን አነሳች። የታክሲ ሹፌሩ ሳቀ። ተቆጣጣሪው እጁን አነሳ፣ ኮንታክት ጎተተ፣ መጥረጊያዎቹ ከዳር እስከ ዳር ጠረጉ። ይሠራል፣ ተጻፈ። አለፈች።

የእግር ማሳረፊያው ከመዘጋቱ በፊት ኮንታክት ከልጅቷ እርሳስ ተበድሮ ክዳኑ ላይ፣ ከሟቹ ጽሑፍ ሥር፣ በተንጋደደ እጁ ጨመረበት፦ "ተከፍቶ ታየ። ብልሽት የለውም። አልተነካም።" አራቱን ብሎን አሰረ። ሽንኩርት መሸጡ ለጊዜው ቀረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ ነዳች፣ ኮንታክት ከኋላ ከቀሚሶቹ ጋር ተጨናንቆ ተቀመጠ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ አንድ ጭነት መኪና ምልክት ሳያሳይ ከቀኝ ጥልቅ አለባቸው። የልብስ ሰፊዋ እግር ከእሷ ቀድሞ አወቀ። መጥረጊያዎቹ ብድግ ብለው ደረቁን መስታወት አንዴ፣ ሁለቴ ጠረጉ።

ልጅቷ ፍሬኑን ለቀቅ አደረገች። መሪውን እንደጨበጠች፣ ፈገግ ሳትል፣ በአባቷ አነጋገር፣ "አየሻት፣ ደነገጠች" አለች።

ልብስ ሰፊዋ ደረቷን ልትይዝ እጇን አንስታ ነበር፤ መልሳ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። እግሯን ከማሳረፊያው ላይ አላነሳችም።

"እሷ ደነገጠች" አለች። "እኔ ደህና ነኝ።"